የተመረገው ጋን

ሰቆጣ የተከራየሁት ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነበር። አከራዬ ክፍሉን ሲያሳዩኝ «ነፋስ አይገባም» ብለው አሞገሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነፋስም አይገባም፣ ሰውም አይገባም ነበር። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ደሴ የነበረውን የኪራይ ቤት መልሼ፣ ዕቃዋን ለጎረቤት አከፋፍዬ፣ በአንድ ሻንጣ ነው የወጣሁት። ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው ስላልነበረኝ ከሥራ ስመለስ የቀኑን መጠይቅ በንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ። ማንም ገልብጥ አላለኝም።

ጊዜው ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሰባ ሰባቱን ረሃብ አይተው የተረፉ የዋግ ሰዎች እንዴት እንዳገገሙ፣ ለሌላ ክፉ ቀንስ እንዴት እንደሚዘጋጁ ላጥና ብሎ ቀጠረኝ። ሥራዬ ገበሬውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ነው፤ አንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ፊት ተቀምጦ ሳጥን መሙላት ምን እንደሚመስል ያልሠራው ሰው አያውቀውም። እኔም ሠርቼው ብዙ አልገባኝም ነበር።

አስተርጓሚ ተሰጠኝ። ወደ ዝቋላ በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር የመጣ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ እምብዛም አይበልጠኝም፣ እሱ ግን አምስት ልጆች ነበሩት። ኽምጣኛ አፉን የፈታበት ነው፤ አማርኛውን ያመጣው ከወታደር ቤት ነው። ከወታደር ቤት ሲመለስ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። «ጣቷን መንግሥት ወሰዳት፣ ደረሰኝ እንኳ አልሰጠኝም» እያለ ይቀልድባታል። እኔን «መምህር» ይለኛል። በሕይወቴ አንድ ቀን አስተምሬ አላውቅም፤ ብነግረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በየቀኑ አብረን ሁለት ሦስት ሰዓት እንሄዳለን፣ እሱ ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ዳቦ እገዛለሁ፣ ጥላ ካገኘን ቁጭ ብለን እንካፈላለን። በዚያ ሁሉ ወራት አብሬው የበላሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ነበር የተቆረጠው። ማሽላው ቁመቱን ጨርሶ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። በኅዳር ስንዞር ሰው ገና ከአምናው እየቀነሰ ይበላ ነበር፤ ሁሉም ግን የሚመጣውን ያውቀዋል፣ ስለዚህ ዘጠነኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ፊቱ ሁሉ ይለወጣል። ዘጠነኛው «በቤት ውስጥ የሚታይ እህል አለ?» የሚል ነው። እኔም መጠይቁን ከመጀመሬ በፊት በየቤቱ እምል ነበር። ይህ ለጥናት ብቻ ነው፣ ለእርዳታ ምዝገባ አይውልም፣ እናቴ ትሙት እላለሁ። እናቴ ሞታ ነበር፤ ቢሆንም መማሌ ከልቤ ነበር።

እማማ የምላቸው አሮጊት ቤት የደረስነው በዚያ ሰሞን ነው። ቤታቸው ከአስተርጓሚዬ ቤት በአንድ ገደል ብቻ ይለያል። ባላቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን በሰባ ሰባት አጥተዋል፤ የተረፈው አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። አማርኛ ይሰማሉ፣ መናገሩን ግን አይወዱትም። የድንጋይ ቤታቸው ውስጥ ያለው ንብረት ቶሎ ይቆጠራል፤ አንድ መደብ፣ አንድ ቁና፣ ሁለት እንስራ፣ በጥጉ ደግሞ እስከ ወገቤ የሚደርስ ጋን። የጋኑ አፍ በእበትና በጭቃ ተመርጓል፤ ምርጉ ላይ፣ ሳይደርቅ የተጫነ የሰው መዳፍ ቅርጹን ጥሎበታል። ደስ አለኝና በማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሣልኩት። ከዚያ ጋኑን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ሙሉ ነው።

ዘጠነኛውን ጠየቅኋቸው። እማማ አስተርጓሚዬን አዩት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ቆይተው አንዲት ቃል ተናገሩ። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ «አለ፣ ብለዋል» አለኝ። እኔም «አለ» ላይ ምልክት አድርጌ ወደ አሥረኛው አለፍኩ።

በየካቲት የእርዳታ ስንዴ መጣ። ለማን ይሰጥ ሲባል የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የእኔን መጠይቆች ከመደርደሪያ አውርዶ ለምዝገባው ኮሚቴ ሰጣቸው። ምያለሁ ብዬ ብነግረው «መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የአንተ አይደለም» አለኝ። ዘጠነኛው ላይ «አለ» የተባለበት ቤት ሁሉ ተሰረዘ። ከነሱ አንዷ እማማ ናቸው።

ሰርዣቸዋለሁ ብሎ መንገር ከባድ ነው፤ የሄድኩት ግን ለመንገር ብቻ አልነበረም፣ ለመቆጣትም ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ነበርኩ፤ ሳጠፋ ሌላውን እቆጣለሁ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ጋኑን ይክፈቱና ይብሉ! ዘር ከሆነ በሰኔ ይገዛል፣ ሰው ግን አይገዛም» አልኳቸው። አስተርጓሚዬ ሳይተረጉመው እሳቸው ራሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ።

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ደግሜ ጠየቅሁ። መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ወደ ደጅ ማየት ጀመሩ። አስተርጓሚዬ «ተዋቸው መምህር፣ አደራ ነው፤ አደራ የማን እንደሆነ አይነገርም» አለኝና ከእኔ ቀድሞ ወጣ።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ሥርዓት አክባሪ ነበር፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። «የማን እንደሆነ ስሙን አምጣ። እሳቸውን እንመልሳለን፣ የጋኑን ባለቤት እንሰርዛለን» አለኝ። ትክክል መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሁሉ የጋኑን ባለቤት በመራገም አሳለፍኳቸው። መንገድ ላይ ሳይቀር አስተርጓሚዬን አደርቀዋለሁ፤ አሮጊት በረሃብ ሲመነምኑ እያየ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? አረመኔ ነው? ፈጣሪን አይፈራም? እሱም ቆሎውን እያኘከ «ምናልባት ልጆች አሉት» ይለኛል። «ልጆች ቢኖሩትስ?» እላለሁ። «ልጆች ቢኖሩት…» ይልና ቆሎ ይዘግንልኛል።

አንድ እሑድ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እንደ ልማዴ ወረቀት ስገለብጥ ያ ሥዕል መጣ። በእርሳስ የሣልኩት መዳፍ አውራ ጣት አለው፣ ሦስት ጣት አለው፣ በመካከል ደግሞ ባዶ ቦታ። ሲጀመር የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሣልኩ እንጂ አላየኋቸውም። ያን እጅ በየቀኑ ቆሎ ሲዘግንልኝ አየዋለሁ።

በማግስቱ መንገድ ላይ «ያንተ ነው» አልኩት። አልካደም። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እኔንም እንድቀመጥ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«በሰባ ሰባት አባቴ ዘሩን አበላን» አለ። «ታናሽ እህቴ ስታለቅስ ጋኑን ከፈተው። ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ዝናብ መጣ፣ እንዴት ያለ ዝናብ! መሬቱ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ የምንዘራው የለንም። ከቤታችን ብዙው ሰው ያለቀው በዝናቡ ዓመት ነው መምህር። አባቴም እህቴም በዝናብ ነው የተቀበሩት። ከዚያ ወዲህ እኛ መንደር የራሱን ዘር ከራሱ ቤት የሚያስቀምጥ የለም። እኔ እማማ ዘንድ አለኝ፣ የእሳቸው ደግሞ ሌላ ቤት አለ። የገዛ ልጅህ ሲያለቅስ የገዛ ጋንህን ትሰብራለህ። የሰው ሲሆን ግን እጅህ አይሄድልህም።»

«የማን እንደሆነ ለምን አይነገርም?»

«ልጆቼ ካወቁ ሄደው ያለቅሱባቸዋላ።»

ወራቱን ሙሉ ለመጻፍ የዞርኩበት ነገር ይኸው ነበር። ለክፉ ቀን እንዴት ትዘጋጃላችሁ? ይህን በሚጠይቀው ሳጥን ውስጥ በየቤቱ «የለም» እያልኩ ነበር የማልፈው።

«ስሜን ብትሰጣቸው አልቀየምህም» አለ። አምስት ልጆች አሉት። ስሙን ብሰጥ እማማ ይበላሉ፣ አምስቱ ይሰረዛሉ፤ ባልሰጥ ደግሞ እማማ እንደተሰረዙ ይቀራሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ያለመሆንን የተመኘሁበት ቀን የለም። ስሙን አልሰጠሁም። እሱ ለካ ከሚሰጠው ስንዴ ግማሹን ለሚስቱ ብቻ ነግሮ፣ በገደሉ እየዞረ ለእማማ ያደርስላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ከገበያ እየገዛሁ ጨመርኩበት። እማማ ግን መነመኑ፤ ስጦታ ሲሰጣቸው ግማሹን ለሌላ ይሰጡ ነበርና። ጋኑ ከመደባቸው አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል፣ እሳቸው ርቧቸው አጠገቡ ይተኛሉ።

በሰኔ ዘነበ። ጋኑ ሲከፈት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እማማ ባለቤቱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቢሆንም ወጉ ነውና መዳፉን ምርጉ ላይ እንዲገጥም አዘዙት። ገጠመ። ከዚያ ምርጉን በድንጋይ ሰብሮ፣ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ የታሸውን ማሽላ በእሳቸው ቁና ሰፈረው፤ እሳቸውም በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ልክ ሲሆን እፎይ ብለው መደባቸው ላይ ጋደም አሉ። ያኔ ነው ወደ እኔ ዞረው በኽምጣኛ አንድ ነገር የጠየቁት። አስተርጓሚዬ ፈገግ ብሎ «ያንተስ ማን ዘንድ ነው? ይሉሃል» አለኝ።

«እኔ ገበሬ አይደለሁም» አልኩ።

«ባትሆንስ? ማን ዘንድ ነው?»

የማስቀምጠው ነገር ሳይሆን የማስቀምጥበት ቤት እንዳለኝ ነው የጠየቁኝ። አሰብኩ፤ ማንም አልመጣልኝም። ሆድ ባሰኝና «ማንም የለኝም» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። እማማም ብዙ አላዘኑልኝም፤ ባዶውን ጋን በመቋሚያቸው ነክተው «እንግዲያው እኔ ዘንድ አስቀምጥ» አሉኝ።

ከሰቆጣ ገበያ ማሽላ ገዝቼ በአህያ አመጣሁ። ዋጋው በጣም ውድ ነበር፤ ሻጩ ለምን እንደምገዛው ቢያውቅ ያብዳል። ጋኑን ሞላን፣ እማማ ራሳቸው መረጉት። እጄን ጫንኩበት፤ ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣቶቼን ለያይቼ ቆየሁ። ሳቄም መጣ፣ ዕንባዬም መጣ። ለመጪው ሰኔ መጥቼ እከፍተዋለሁ፣ ሄጄ አልቀርም አልኳቸው።

ከሪፖርቱ ውስጥ የጋኖቹን ነገር አንድ መስመር አልጻፍኩም። ምስጢራቸውን ጠበቅሁላቸው ብዬ ኮራሁ። ጥናቱ ሲያልቅ ባሕር ዳር ሌላ ሥራ አገኘሁ።

በመጀመሪያው ሰኔ አስቤ ነበር፤ የሥራ ጉዳይ ያዘኝ። በሁለተኛው መንገዱ ረዘመብኝ። ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ልዋሽ አልፈልግም፣ ጨርሶ ረሳሁት። ከአንዱ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው እየተዛወርኩ፣ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ስምንት ዓመት ሄደ። ትዳር አልያዝኩም። ስታመም የሚጠይቀኝ፣ ስዘገይ የት ቀረህ የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ የለም እያልኩ ለራሴ አዝን ነበር፤ በዚህ በኩል ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ሰቆጣ ተላክሁ። በገበያ ቀን ደረስኩና በሰው መሐል ስሄድ «መምህር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ትልቋ ልጁ ዓረብ አገር ሄዳ ከዚያ በምትልከው ይኖራሉ። ተቃቅፈን ቆይተን፣ ትከሻዬን በዚያች ባለ አራት ጣት እጁ ይዞ «ለጋንህ መጣህ?» አለኝ።

«ለየቱ ጋን?» አልኩት።

እጁን ከትከሻዬ አወረደ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አብረን ወጣን። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ነገረኝ። በመካከሉ ሁለት ክፉ ዓመት አልፏል። በሁለተኛው አንድ ወረቀት የያዘ ወጣት በየቤቱ ዞረ፤ ጨዋ ልጅ ነበር አለ፣ እንዳንተ። እማማ ቤት ገባ፣ ጋኑን አየ፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጻፈ። እማማ ተሰረዙ። የማን ነው ቢሏቸው ዝም አሉ። ስለ ጋኖቹ የተጻፈ ነገር ቢኖር ያ ልጅ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አልጻፍኩም።

«ለምን አልተከፈተም?» አልኩት። «እኔ ምን እላለሁ? ይብሉት ማለት ነው እንጂ!»

«ነገርኳቸው። መምህር አይቆጣም፣ ይክፈቱት አልኳቸው። እጁ መቼ መጣ? አሉኝ።»

«ምን በልተው ከረሙ?»

«ከኛ። ከዚያ ከዚህ። ያለቻቸውን ፍየል ሸጡ። በዚያ ክረምት ነው ዓይናቸው የደከመ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

እማማ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ነበር። አንሰዋል፣ ዓይናቸው ላይ ነጭ ወጥቷል። ጉልበታቸውን ስሜ ማንነቴን ነገርኳቸው፤ ፊታቸው ምንም አላሳየም። ድምፄን አላመኑትም። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ፣ እኛም ተከተልን። ጋኑ ከነበረበት አልተነቃነቀም። የእጄን አንጓ ያዙኝ፤ ጣታቸው የደረቀ እንጨት ሆኗል፣ አያያዛቸው ግን ጠንካራ ነው። መዳፌን ምርጉ ላይ አስቀመጡና በራሳቸው መዳፍ ከላይ ተጫኑት። እያንዳንዱን ጣቴን ከጫፍ እስከ ሥሩ እየዳበሱ በቦታው መግባቱን አረጋገጡ።

ገጠመ። ያኔ ፊታቸውን ወደ እኔ አነሡ፣ በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«ምነው ቆየህ?»

ይቅር ይበሉኝ ማለት እንኳ ረስቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እሳቸው ግን ለልቅሶ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ከመደቡ ሥር ያንኑ ቁና አወጡና እንድንሰፍር አዘዙ። ምርጉን ሰበርኩት። ማሽላው ከግማሽ በላይ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ዱቄቱም ሳይቀር ተሰፈረ፣ እሳቸውም እንደ ድሮው በጣታቸው ቆጠሩ፤ «የጎደለው ነቀዝ የበላው ነው፣ እወቅልኝ» አሉ። ይህ ለርስዎ ይሁን አልኳቸው፣ ለመንኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አስተርጓሚዬ እያለቀሰ ነው የተረጎመልኝ፤ «ተሸክሜልህ ኖርኩ። አሁን ውሰድልኝና ልረፍ።»

በጀርባዬ ተሸክሜው ወጣሁ። አስተርጓሚዬ ላግዝህ ቢለኝ እንቢ አልኩ። ሰቆጣ ስደርስ ለሽታው ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፤ ያልፈሰሰው ዱቄት በላቤ ጀርባዬ ላይ ተቦክቷል። እማማ ያን ዓመት ሳይጨርሱ ዐረፉ፤ እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተላቸው። አሁን የምጽፈው ሁለቱም ስለሌሉ ነው፣ ሌላ ወረቀት የያዘ ሰው ጋን ሲያይ እንዲጠይቅም ነው።

እኔ ያን ስምንት ዓመት የሚጠብቀኝ ሰው የለም እያልኩ ነው የኖርኩት። ነበረኝ። ርቧቸውም፣ ዓይናቸው ጠፍቶም፣ እጄን ይጠብቁ ነበር።